አራተኛው አውታር

ባለፈው የቅበላ ዕለት መሐል ሜዳ ገበያ ወጥቼ በአንድ ሉካንዳ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ አራጁ የበግ ቀጭን አንጀት በባልዲ ሞልቶ ቦይ ውስጥ ሲደፋው አየሁ። ውሾቹ ቀድመው ተኮልኩለው ነበር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆምኩ። ያ እርጥብ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ይዞኝ ቀረ።

"ልጄ፣ ይህን ለምን ትደፋዋለህ?" አልኩት።

"ታዲያ ምን ላድርገው እማማ?"

"አውታር ይሆናል።"

"የምን አውታር?"

መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን የግራ እጄ ጣቶች ዝም አላሉም። ስለጠየቅሽኝ ነው የምነግርሽ፤ ለሌላ ሰው እንዲህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውርቼው አላውቅም።

ጊዜው ንጉሡ ወርደው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከቀየት ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ፣ የመኪናው መንገድ ዳር ባለች የድንጋይ ቤት ከእናቴ ጋር እንኖር ነበር። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ያቋረጥኩት ሰንፌ አልነበረም። አስተማሪው አንደኛ መውጣት የሚገባኝን ልጅ ለአንድ ሹም ልጅ ሲል አራተኛ አደረገኝ። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ፤ ተመልሼም አልሄድኩም። እናቴ ማታውን "አሁን በማን ላይ ነው የፈረድሽው?" አለችኝ። ነገሩ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከእኛ በአንድ የድንጋይ አጥር ተለይተው የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። በአካባቢው የሚታወቁት በበገና ደርዳሪነታቸው ነው። በገናው ቁመቱ እኔን ያክል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ይከርማል። የሚወርደው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው ቤት ይገባና ወለሉ ላይ በተጎዘጎዘው ጓሳ ሣር ላይ ይቀመጣል። ማንም አያጨበጭብም፣ ማንም አያወራም። በትንሿ መስኮት የምትገባው ብርሃን በበገናው እንጨት ላይ ታርፋለች፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል። ከዚያ እሳቸው የመጀመሪያውን አውታር ይነኩታል።

የበገና ድምፅ ከጆሮ በፊት በደረት ነው የሚሰማው። በየአውታሩ ሥር እንዚራ የሚሏት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትወሸቃለች፤ አውታሩ ያን ቆዳ እየነካ ነው እንደዚያ የሚነዝረው። እኔ በሩ ጋ እናቴ ጀርባ ተቀምጬ ስሰማ ጎድኔ ውስጥ አንድ ነገር ይርገበገብ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች በቃሉ ያለቅሳሉ፤ ስለ ሞት፣ ስለ ሰው ከንቱነት ነው ቃሉ። እኔ ግን ቃሉን ትቼ ጣታቸውን ነበር የማየው።

ከቅበላ በፊት በነበረው ሳምንት ውሃ አድርሼላቸው ሳለሁ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ በገና ያስተምሩኝ።"

ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው እጃቸውን በፀሐይ ያሞቁ ነበር። ቁርጥማት ይዟቸው የግራ እጃቸው ጣቶች አልታጠፍም ካሉ ከርመዋል።

"ለምንሽ?"

"ስሰማው ስለሚገባኝ።"

"ምኑ ነው የሚገባሽ?"

"እሱን አላውቅም።"

ሳቁ። "ሴት አትደርድር የሚል ሕግ የለም። የድሮ ወይዛዝርትም ይደረድሩ ነበር ይባላል። እኔ ዘንድ ግን አንድ ሕግ አለ። አውታሩን ያልሠራ ሰው አውታሩን አይነካም። ከምን እንደመጣ የማያውቅ እጅ ሲነካው ያስታውቃል።"

"እሺ።"

"አንጀት ታጥቢያለሽ።"

"እሺ አልኩዎት እኮ።"

በማግስቱ እንስራዬን አዝዬ ስገባ፣ ከደብሩ የመጣ አንድ ዲያቆን በርጩማው ላይ ተቀምጦ በገናውን ጉልበቱ መሀል ይዞት አገኘሁ። ዕድሜው ሃያ ግድም፣ ቁመተ መለሎ፣ ድምፀ መልካም፣ ዜማ ጠንቅቆ የተማረ ነው። የደብሩ ቄስ ናቸው የላኩት፤ ሽማግሌው ሳያልፉ በገናው ወራሽ ያግኝ ብለው። በአምናው አውታር ላይ ጣቱን ይሰድዳል።

እንስራዬን ሳላወርድ "እሱ አውታር ሠርቷል?" አልኩ።

ዲያቆኑ ቀና ብሎ አየኝ። "ይህች ደግሞ ማናት?"

"ጎረቤቴ ናት" አሉ አባባ። "እሷም ልትማር ነው።"

"አውታር ሠርቷል ወይ ነው ያልኩት። ሕጉ የሁላችን ነው ወይስ የኔ ብቻ? በቀበሌ ስብሰባ እኩልነት እኩልነት ሲባል አልሰሙም?"

"አባባ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ እኮ" አለ እሱ እየሳቀ። "አንጀት ላጥባ ነው?"

"በጉስ ዲያቆን መሆንህን በምን አወቀ?"

"ኧረ ሊቀመንበር መጥታለች" አለ። ይህ ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቀብኝ፤ ጾሙ እስኪያልቅ ሌላ ስም አልነበረኝም።

አባባ እጃቸውን አሹ። ከዚያ "ልጄ፣ አስቀምጠው። የቅበላ ዕለት ባልዲ ይዘህ ና" አሉት። ደስታዬን እንዳያይብኝ እንስራዬን ላወርድ ዞርኩ።

እንግዲህ በእኛ አገር ጾሙ ሊገባ ሲል በየቤቱ በግ ይታረዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ቢላዋ ደም አያይም። ስለዚህ የዓመቱ አውታር የሚሠራው በዚያች በቅበላ ብቻ ነው። ያን ቀን ያላገኘ ሰው ሁለት ወር ሙሉ አያገኝም። ባልዲዬን ይዤ በየጎረቤቱ ዞርኩ። አንዳንዷ ለዱለት ስትል ትሰስታለች፣ አንዳንዷ "ውሰጂልኝ፣ ገላገልሽኝ" ትላለች። ወንዝ ስንወርድ ውሃው በውርጭ አጥንት ይሰብራል። አንጀቱን ከሞራው ማላቀቅ፣ በጣት እየጨመቁ ማጥራት፣ ገልብጦ በቢላዋ ጀርባ መፋቅ፣ እንደገና ማጠብ፤ ጠርቶ እንደ ነጭ ጥለት እስኪሆን ድረስ። ዲያቆኑ ሁለተኛው በግ ላይ ሲደርስ ከቋጥኝ ጀርባ ሄዶ አስመለሰው። ተመልሶ ሲመጣ አፉን በነጠላው ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ። ያኔ ትንሽ አከበርኩት፤ አልነገርኩትም እንጂ።

ከዚያ አንጀቱን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረን አከረርነው፤ ለቀጭኑ አውታር ጥቂት፣ ለወፍራሙ ብዙ እያደረግን። በጥላ ሦስት ቀን ደረቀ። የኔ ስድስቱ ሲደርቁ ቀጥ ያሉና ጥርት ያሉ ሆኑ፤ ሲነኳቸው ግን ሸካራ ናቸው። እናቴ ከቅበላ የተረፈ ቅቤ በቅል ነበራት፤ ፀጉሬን እንድቀባው ሰጠችኝ። ፀጉር በቅቤ የሚለሰልስ ከሆነ አውታርስ ለምን አይለሰልስም አልኩና ስድስቱንም አንድ በአንድ አሸኋቸው። ማንንም አልጠየቅሁም። እንዴት እንደሚያብረቀርቁ ብታይ።

የዲያቆኑ አራቱ ጉብጉብ ያሉ፣ አንዱ ጋ ቀጥነው አንዱ ጋ የሚወፍሩ ነበሩ። አባባ አሥሩንም በብርሃን እያዩ ለዩ።

"በገና አሥር አውታር አለው" አሉን። "የሚናገሩት ግን ስድስት ናቸው። አራቱ ዝም ይላሉ፤ ጣት ከተናጋሪው ላይ ተነሥታ የምታርፍባቸው ናቸው። የሷ ስድስቱ ይናገሩ፤ ያንተ አራቱ ዝም ይበሉ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዲያቆኑ "ሊቀመንበሯ በገናውንም በስብሰባ ያዘችው" አለ፤ ፊቱ ግን ቀልቶ ነበር።

ትምህርቱ እንዳሰብኩት አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ የጣት አካሄድ ብቻ ነው ያስደጋገሙን፤ ቃል የለው፣ ዜማ የለው። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ያስሩና አውታሩን በዳሰሳ ፈልጊ ይሉኛል። ስሳሳት "ሌባ ጣትሽ ዛሬም ሰው ቤት ገባች" ይላሉ። መቃኛውን እያጠበቁና እያላሉ ሲቃኙት ደግሞ አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፈው "በጆሮሽ አትስሚው፤ ሲስማማ እንጨቱ ራሱ ይነግርሻል" ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እውነትም ነገረኝ። ሁለቱ አውታሮች ሲገጥሙ ጥርሴ ውስጥ የነበረው መንቀጥቀጥ ድንገት ጸጥ አለና አንድ ሆነ። ቀና ብዬ ሳያቸው እሳቸውም ያዩኝ ነበር። ወደ ቀጣዩ አውታር ሄዱ።

አሁን የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ከፍተው የሚያሰሙኝ ዘፈን ሁሉ አንዱ ድምፅ ሳይጨርስ ሌላው ይደርብበታል። አልወቅሳቸውም። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ግን አውታሩን ከነኩት በኋላ ያለውን እንድሰማ ነው ያስተማሩኝ። "የነካሽው ያንቺ ነው" ይሉ ነበር፤ "ከዚያ ወዲያ ያለው የሱ ነው፤ ይጨርስ፣ ተይው።"

ዲያቆኑ ቃሉንና ዜማውን ከእኔ በፊት ያዘ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነዋ። ጣቱ ግን ከባድ ነበረች። የኔ ድምፅ ሻካራ ነው፤ ጣቴ ግን ሄደች። በጾሙ በሦስተኛው እሑድ አባባ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገሩ።

"ልጅ እንደሌለኝ ታውቃላችሁ። እጄም ይኸው ነው፤ ከዚህ ጾም ወዲያ አይደረድርም። በሆሣዕና ዋዜማ ሁለቱም በፊታችሁ ይደረድራሉ። የተሻለው በገናውን ይወስዳል። ዲያቆን ነው፣ ሴት ናት ብሎ ነገር የለም።"

የደብሩ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም፤ ልጅ ስወልድ እንኳ እንደዚያ አልጓጓሁም ብል አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ሆሣዕና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አባባ ሱባኤ ሊገቡ ወደ ደብሩ ሄዱ። ዲያቆኑም እዚያው አገልግሎት ላይ ነው። የቤታቸውን ቁልፍ ለእኔ ሰጥተው "እየገባሽ ተለማመጂ" አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ገብቼ በገናውን ካወረድኩ በኋላ አሰብኩ። እሱ ሳይለማመድ እኔ ሳምንት ሙሉ ብለማመድ፣ ያሸነፍኩት ምኑን ነው? አስተማሪው ለሹሙ ልጅ ያደረገውን እኔ ለራሴ ላደርግ ነው። በገናውን መልሼ ሰቀልኩት፣ ባናውን አለበስኩት፣ ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ማክሰኞ ልቤ አላስችል አለኝና ላየው ብቻ ገባሁ። ባናውን ስገልጠው አንዲት አይጥ በእንጨቱ ላይ ሮጣ የጓሳው ጣሪያ ውስጥ ገባች። አራተኛው አውታር ከመሀሉ ተበልቶ ወድቋል። ሦስተኛው ላይም ጥርስ አርፎበታል፤ እሱ ግን አልተበጠሰም። የዲያቆኑ አራቱ እንደነበሩ ናቸው፤ አይጥ ዞር ብላም አላየቻቸው። ጣቴን አውታሩ ላይ አድርጌ አሸተትኩት። የቅቤ ሽታ ነበር።

በጾም መሀል የበግ አንጀት ከየት ይመጣል? ወደ ደብሩ ሄጄ ለአባባ ብነግራቸው ቅቤ መቀባቴ ይወጣል። በጾም በሚደረደር በገና ላይ ቅቤ። ዲያቆኑ ፊት። ያን ሳስብ ሞቴን መረጥኩ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከበጎቻችን አንዷ ገደል ገባች። ጎረቤት ተሰብስቦ ከላይ ሆኖ አያት፤ እናቴ "ጥንብ አንሣ ይብላት" ብላ ተመለሰች። ሳይባረክ የሞተ ነገር በክት ነው፤ ማንም አይነካውም። እኔ ግን መልስ ሆኖ ታየኝ። ሰው ከሄደ በኋላ በጎን ባለው ቁልቁለት እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። አንጀቷን አወጣሁ፤ ወንዝ ወስጄ ማንም ከሚያጥበው በላይ አጠብኩት። አክርሬ ከቤታችን ጀርባ በጣሪያው ጥላ ሥር ወጠርኩት። ዓርብ ረፋድ ደረቀ። ቅቤ አልቀባሁትም። ገብቼ አሰርኩት፤ አገጬን እንጨቱ ላይ አድርጌ ቃኘሁት። ተስማማ። እንዲያውም ከመጀመሪያው ይበልጥ የጠራ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ቄሱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሴቶቹ በሩ ጋ፣ አባባ በርጩማቸው ላይ። "ታናሽ ትቅደም" አሉኝ። ተቀመጥኩ። የደረደርኩትን አሁን ልነግርሽ አልችልም፤ ጥሩ ነበር። የጣቴ ጫፍ ብቻ ነበር ያለው፣ ሌላው አካላቴ ሄዷል። ስጨርስ አውታሩ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። አንዲት አሮጊት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የአባባን ፊት አየሁት፤ ፈርደዋል፤ ለእኔ ፈርደዋል። አሁንም በዚህ አልጠራጠርም።

ዲያቆኑ በገናውን ተቀበለኝ። ከመጀመሩ በፊት አውታሮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጋቸው። አራተኛው ላይ ጣቱ ቆመች። ዝቅ ብሎ አየው።

"ይህ አዲስ ነው" አለ። "አባባ፣ እርስዎ ነዎት የቀየሩት?"

"እኔ ከሱባኤ ትናንት ማታ ነው የገባሁት። አልነካሁም።"

"ታዲያ በጾም ማነው በግ ያረደው?"

እናቴ ዞራ አየችኝ። የበጓን ነገር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ከፊቷ ላይ አነበብኩት።

አባባ ቀስ ብለው "ከቅበላ የተረፈ ይሆናላ" አሉ። ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም። በሩን ከፍተውልኝ ነበር፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ያቺ አንዲት ቃል አፌ ውስጥ መጣች። የዲያቆኑ ጣት ግን አሁንም አውታሩ ላይ ነበረች፤ ንጹሕ ነው ብሎ ሊደረድርበት ነው።

"አትንካው" አልኩት። "በክት ነው። ገደል ከገባችው በጋችን ነው የወሰድኩት።"

ጣቱን እንደተቃጠለ ሰው መለሰ። ሴቶቹ ተንጫጩ፤ አንዷ ተነሥታ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ቄሱ "እንዴት ያለ ድፍረት ነው" አሉ። "ለከበሮ እንኳ የበክት ቆዳ አይወጠርም። ለጾም ዕቃ?"

"ለምን?" አሉኝ አባባ። ሌላ አልጨመሩም።

"አይጥ በላብኝ።"

"አይጥ ሠላሳ ዓመት አልነካውም።"

"ቅቤ ቀብቼው ነበር። እንደ ፀጉር ይለሰልሳል ብዬ።"

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሌላው። ዲያቆኑ አልሳቀም። አባባ ተነሡ። አውታሩን በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ ጣታቸው እንቢ እያለች ብዙ ቆዩበት፤ ማንም ሊረዳቸው አልደፈረም። ቄሱ ጸበል አስመጥተው በገናውንም እኔንም ረጩን። ውሃው በአንገቴ ሲወርድ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ አባባ አምስተኛውን አውታር፣ ዝም የሚለውን፣ የዲያቆኑን ጉብጉብ ያለ አውታር፣ አላልተው ነቀሉና በአራተኛው ቦታ አሰሩት። ቃኙት። ተናገረ።

"ይኸው ነበር" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "እኔም ስንት ጾም እንዲህ አሳልፌያለሁ። ለምን አልጠየቅሽኝም?"

የጎደለውን ፍለጋ ገደል ስወርድ፣ እዚያው አጠገቡ ተሰቅሎ ነበር።

ዲያቆኑ ደረደረ። ጣቱ ዛሬም ከባድ ናት፤ ድምፁ ግን ቤቱን ሞላው። ሲጨርስ ሰው ሁሉ ወደ አባባ አየ። እሳቸው ደግሞ ወደ እኔ።

"ሊቀመንበሯ" አሉኝ። ያን ስም ሲጠሩኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። "ሁልጊዜ ሕግ ሕግ ትያለሽ። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ።"

ልለምናቸው እችል ነበር። ልጅነቴን፣ አለማወቄን ልናገር እችል ነበር፤ ይቅር ሊሉኝ እንደፈለጉ አሁን አውቃለሁ። እኔ ግን አገጬን ቀና አድርጌ "በሕጉ የሠራው እሱ ነው። ለሱ ይሰጠው" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ ዲያቆኑ ደብረ ብርሃን ሊሄድ ተነሣ፤ እዚያ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ተጠርቶ ነው። ማለዳ አውቶቡሱን ሊጠብቅ መንገድ ዳር ሲወጣ በገናውን በባናው ጠቅልሎ ታቅፎታል። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። በደጃችን ሲደርስ ቆመ፤ የእናቴን በርጩማ ሳበና በገናውን ገልጦ አስደገፈው።

"አባባ ናቸው የላኩኝ" አለ። "ሳትሄድ አንድ ጊዜ ትደርድር ብለዋል። እኔም እፈልጋለሁ።"

"ፍርዱ አልቋል።"

"የምን ፍርድ? ማንም የለም እኮ። እኔና አንቺ ብቻ ነን።"

"ሰው ስለሌለ ሕጉ ይቀራል?"

"ጣትሽ ከኔ ትበልጣለች" አለ። ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነለት ገባኝ። "እነሱ ባያውቁ እኔ አውቀዋለሁ። ነይ ተቀመጪ።"

እጄን ነጠላዬ ውስጥ አግብቼ ቆሜ ቀረሁ። ከታች ከመታጠፊያው የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። እሱ ወደ መንገዱ አላየም፤ የሚያየው ነጠላዬን ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ ጨርቁ ይነቃነቃል፤ ጣቶቼ ከውስጥ ሆነው አካሄዳቸውን ይዘዋል፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ እንደገና አውራ ጣት። አላቆምኳቸውም። እሱም እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ በገናውን ጠቀለለ፣ "ደህና ሁኚ" አለኝ፣ በስሜ ጠርቶ፣ ሄደ።

በዚያ ቀን ልክ ነበርኩ። ስንት ዓመት አስቤበት ልክ አልነበርኩም የሚል መልስ አላገኘሁም። ቢሆንም በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ መልሼ ብወስደው የምወደው ያን ልክነቴን ነው።

የአውቶቡሱ አቧራ ሳይጠፋ አጥሩን ዞሬ አባባ ጋ ገባሁ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ ዞረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከእኛ ደጅ እስከዚያ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ማለዳው ደግሞ ጸጥ ያለ ነበር፤ በግ ሲያመሰኳ እንኳ ይሰማል። በዚያው ዓመት መስከረምን ሳያዩ ነው ያረፉት፤ ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም።

"ሄደ?" አሉኝ።

"ሄደ።"

"ደረደርሽ?"

እኔ በዚያች ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነቱን የተናገርኩ ልጅ ነኝ። ፊታቸውን አየሁት።

"ደረደርኩ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ፤ አንድ አውታር ተነክቶ እስኪጨርስ ያህል።

"ሰምቼሻለሁ" አሉኝ። "ስድስተኛው ላይ ትንሽ ቸኮልሽ።"

"እውነትዎን ነው አባባ" አልኩና እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "ሁለተኛ አልቸኩልም።"